ጥልቀቱ 10 ኪሎ ሜትር

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር፣ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ያለው መሬት ዕረፍት አጥቶ ሲናጥ፣ እዚህ ወለንጪቲ ብዙዎቻችን ሁለት ልማድ ያዝን። ማታ ልብስ ሳናወልቅ መተኛትና ጠዋት ስልክ ከፍተን «ስንት ነበር?» ብሎ ማየት። ከፈንታሌ እኛ ድረስ በቀጥታ መስመር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አልጋ ለማነቃነቅ ግን በቂ ነበር። ስልኩም ይመልሳል፦ «መጠን 4.6፣ ጥልቀት 10 ኪሎ ሜትር።» በነጋታው «መጠን 4.9፣ ጥልቀት 10 ኪሎ ሜትር።»

እነዚህን ቁጥሮች የሚያደርስልን አሠራር የሚገባውን ያህል አይወራለትም። አንድ ትልቅ ኮምፒውተር አይደለም፤ በየአገሩ ተበትነው እየተጠያየቁ የሚሠሩ ብዙ ሰርቨሮች ናቸው። ሴይስሞሜትር የመሬትን እንቅስቃሴ ይመዘግባል፣ መዝገቡ በኢንተርኔት ወደ ማከማቻ ይሄዳል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ማከማቻዎቹ ግን ብዙ ናቸው። ድሮ አይሪስ ይባል የነበረውና ዛሬ በኧርዝስኮፕ ሥር ያለው አሜሪካ ነው፤ ጀርመን ፖትስዳም ላይ ጂኦፎን አለ፤ ሌሎች የአውሮፓ ማዕከላትም የየራሳቸውን ይይዛሉ። እያንዳንዱ በራሱ ቋንቋ ቢመልስ ኖሮ ተመራማሪው ዕድሜውን በትርጉም ይጨርስ ነበር። የዲጂታል ሴይስሞግራፍ አውታሮች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2013 የመጀመሪያውን የጋራ የዌብ ሰርቪስ ደንብ ሲያወጣ ይህ ጣጣ ቀለለ። ዋና ዋናዎቹ አገልግሎቶች ሦስት ናቸው፦ አንዱ ስለ ጣቢያው ይናገራል፣ አንዱ ሞገዱን ይሰጣል፣ አንዱ የመንቀጥቀጦቹን ዝርዝር ያቀርባል። ጥያቄው ፖትስዳም ቢላክም አሜሪካ ቢላክም አጻጻፉ አንድ ነው።

በቅርብ እንየው። አዲስ አበባ ጥግ ፉሪ ተራራ ላይ የዓለም አቀፉ አውታር ጣቢያ አለ፤ ኮዱም «ፉሪ» ነው፣ የአውታሩ ኮድ «አይ ዩ»። ሞገዱን ለማግኘት አውታሩን፣ ጣቢያውን፣ «ቢ ኤች ዜድ» የሚለውን ቻናል፣ ከዚያ የመጀመሪያና የመጨረሻ ሰዓት መጻፍ ብቻ ነው። የቻናሉ ሦስት ፊደላት ራሳቸው ይናገራሉ፤ የመጀመሪያው መሣሪያው በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ፣ ሁለተኛው የመሣሪያውን ዓይነት፣ ሦስተኛው አቅጣጫውን፤ ዜድ ሽቅብና ቁልቁል ነው። ሰዓቱ ላይ ግን ጠንቀቅ! ታኅሣሥ 26 ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 9፡52 የደረሰው፣ መጠኑ 5.7 የነበረው መንቀጥቀጥ ለሰርቨሩ 0፡52 ነው። ሰርቨሩ የሚሠራው በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ነው፤ የእኛን የሰዓት አቆጣጠር አያውቅም። 9፡52 ብሎ ለጻፈ ተማሪ የቀኑን 6፡52 ሞገድ ይሰጠዋል፤ እሱም የከተማ ጫጫታ ያለበትን መስመር ይዞ «መንቀጥቀጡ የታለ?» ይላል።

አገልግሎቶቹን የሚያያይዘው አብዛኛውን ጊዜ ኦብስፓይ የተባለው፣ ሙኒክ ላይ የተጀመረ ነፃ የፓይተን ላይብረሪ ነው። ጥቂት መስመር ኮድ ዝርዝሩን ከአሜሪካው የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ያመጣል፣ በአካባቢው የትኞቹ ጣቢያዎች እንደነበሩ ይጠይቃል፣ ሞገዱ የት እንደተቀመጠ ያፈላልጋል። ይህን የመጨረሻውን ሥራ የሚሠራው አፈላላጊ አገልግሎት እንደ ቤት ደላላ ነው፤ የራሱ ቤት የለውም፣ የትኛው ሰፈር ምን እንዳለ ግን ያውቃል። በመሥራቹ በፒየር ጉዋን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1957–58 አዲስ አበባ ላይ የጂኦፊዚክስ ጣቢያው ሲቋቋም፣ ሞገዱ ወረቀት ላይ ይሳል ነበር፤ ሊያጠናው የፈለገ ወረቀቱ ያለበት ድረስ መሄድ ነበረበት። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 ኢግል የተባለው ጥናት በእኛው የስምጥ ሸለቆ ክፍል ላይ የተከላቸው ጊዜያዊ ጣቢያዎች የመዘገቡትን ዛሬ ወለንጪቲ ቁጭ ብሎ በሞባይል ዳታ ማውረድ ይቻላል። ቦሰት ተራራን በመስኮት እያዩ።

አሁን ወደ 10 ኪሎ ሜትሩ።

አንድ የባጃጅ ሹፌር ስልኩን አውጥቶ የሰበሰባቸውን ስክሪንሾቶች አሳየኝና «መምህር፣ ተፈጥሮ ሁልጊዜ 10 ላይ ይቆማል እንዴ? ሰው የቀበረው ነገር ነው እንጂ!» አለኝ። ከብዙ የተማረ ሰው የተሻለ አስተውሏል። ድምዳሜው ግን ስህተት ነው። 10 የተለካ ቁጥር አይደለም። ዳታው ጥልቀቱን መወሰን ሲያቅተው ባለሙያው ወይም ፕሮግራሙ የሚያስቀምጠው የተለመደ ቁጥር ነው፤ ቀድሞ በዚሁ ቦታ 33 ይጻፍ ነበር።

ለምን ያቅታል? ከፈንታሌ እስከ ፉሪ ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የመጀመሪያው ሞገድ በሴኮንድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል እንበልና ነገሩን አቅልለን እናስላ። መነሻው 5 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ቢሆንና 15 ኪሎ ሜትር ላይ ቢሆን፣ ፉሪ የሚደርስበት ጊዜ ልዩነት የሴኮንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። የመነሻ ሰዓቱን በዚያች ያህል ገፋ ቢያደርጉት ልዩነቱ ይጠፋል። ጣቢያው ከመንቀጥቀጡ 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ ቢተከል ግን ያው ልዩነት ከአንድ ሴኮንድ ይበልጣል፤ ያን ጊዜ ጥልቀቱ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ «10» የሚለው ቁጥር ስለ መሬቱ ከሚነግረን ይልቅ በአቅራቢያው የተተከለ ጣቢያ ስለመጥፋቱ የሚነግረን ይበልጣል።

ጥፋቱ የሰርቨሮቹ አይደለም። የዝርዝሩ አገልግሎት መልሱን በሁለት መልክ ይሰጣል። ሙሉው መልክ፣ ኩዌክኤምኤል የሚባለው፣ ጥልቀቱ ከሞገድ የተሰላ ይሁን በሰው የተመደበ የሚያስረዳበት ቦታ አለው። ቀላሉ መልክ፣ በቀጥታ ወደ ኤክሴል የሚገባው፣ ያ ቦታ የለውም፤ «10.0» ብሎ ያልፋል። ተጠቃሚው ደግሞ ሁልጊዜ ቀላሉን ይመርጣል። ማስታወሻው የሚወድቀው አንዱ አገልግሎት ለሌላው ሲያቀብል ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ካርታውም ዜናውም ስክሪንሾቱም፣ የተመደበውን ቁጥር እንደተለካ ይቆጥረዋል። አንድ ረቂቅ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ 10 ኪሎ ሜትር ላይ በተሰለፉ ነጥቦች የተሠራ ቀጥ ያለ መስመር አይቻለሁ፤ ተማሪው «የማግማ ንብርብር» ብሎ ሰይሞታል። ንብርብሩ ያለው ኤክሴሉ ውስጥ ነው።

የዚህ ዘመድ የሆነ ሌላ ግድየለሽነት አለ። ሰርቨሩ የተጠየቀው ዳታ ከሌለው 204 የሚል ኮድ ይመልሳል፤ «ባዶ» ማለት ነው። ብዙ ሰው የጻፈው ኮድ ይህን ዝም ብሎ ይዘልለውና ያ ቀን መንቀጥቀጥ የሌለበት ቀን ሆኖ ግራፉ ላይ ይወጣል። ጣቢያው መብራት ጠፍቶበት ሊሆን ይችላል፣ መስመሩ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። ባዶ መዝገብና ጸጥ ያለ መሬት አንድ አይደሉም፤ ግራፉ ላይ ክፍት ቦታ ተዉለት።

የሳተላይቱን ነገር ባጭሩ። ሴንቲነል-1 እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በራዳር ይቃኘናል፤ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሊክሳር የተባለው አሠራር ምስሎቹን በራሱ እያነጻጸረ የመሬቱን ከፍና ዝቅ ማለት ያወጣል። በፈንታሌና በዶፈን መካከል ማግማ ስንጥቅ እየሞላ መሄዱ የታወቀው በዋናነት በዚህ ነው። የሞገዱን ዝርዝር ከሳተላይቱ ምስል ጋር ማስተያየት የቻለ ሰው «10 ኪሎ ሜትር» ላይ ተጣብቆ አይቀርም።

እንግዲህ አዳማም ሆነ ሌላ ቦታ በዚህ ዳታ ለምትሠሩ። የአሥር ዓመት ሞገድ ባንድ ጥያቄ አትጠይቁ፤ ሰርቨሩ 413 ብሎ ይመልሳችኋል፣ ልክም ነው፤ በቀን በቀን ከፋፍሉት። የመሣሪያውን ባሕርይ ከጣቢያው አገልግሎት ወስዳችሁ ሳታስተካክሉ ስለ መሬት እንቅስቃሴ መጠን አትጻፉ። ኩዌክኤምኤሉን አውርዱና የጥልቀቱን ዓይነት በራሱ ዓምድ አስቀምጡ። ጽሑፋችሁ ሲወጣም የየአውታሩን ዲኦአይ ጥቀሱ፤ ተራራ ላይ ወጥቶ ባትሪ የሚቀይረው ባለሙያ በጀት ሲጠይቅ የሚያሳየው ማስረጃ እሱ ነው።