እባጩ ላይ ከመርጨታችሁ በፊት ቆርጣችሁ እዩት

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ስለዚህ መግቢያ አላበዛም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰሞኑን ከናይሮቢ ወጣ ብላ ባለችው ኪተንጌላ አንድ አባታችን የሚያፈሉትን የባሕር ዛፍ ችግኝ መጥቼ እንድመለከት ጠሩኝ። የቅጠሉ መካከለኛ ጅማትና ለጋው ቅርንጫፍ ሁሉ አረንጓዴና ሮዝ እባጭ አውጥቷል፤ ጫፉ ተጣምሞ እድገቱ ቆሟል። ግቢው ደግሞ በፀረ ተባይ ሽታ ታፍኗል። «ጋሼ፣ ይርጩ ያለዎት ማን ነው?» ስላቸው ስልካቸውን አውጥተው አንድ የአማርኛ ቪዲዮ አሳዩኝ። ሰውየው በሙሉ ልብ «ይህ የዛፍ ካንሰር ነው፤ ፀረ ተባይ ከሳሙናና ከላምባ ጋር በጥብጣችሁ እባጩ እስኪረግፍ ድረስ ርጩ» ይላል። እሳቸውም ያለ ጓንትና ያለ ጭንብል የተባሉትን አድርገዋል። የባሰው ደግሞ የተረፈውን ችግኝ በሞያሌ በኩል ለዘመድ ሊልኩ አሰናድተዋል። በእሳቸው አልፈርድም። እሳቸው ጠየቁ፤ የመለሰላቸው ግን የማያውቅ ሰው ነው።

የዛፍ እባጭ ካንሰር አይደለም። አብዛኛው እባጭ አንድ የተወሰነ ፍጡር ዛፉ ላይ እንቁላል ሲጥል ወይም ሲመገብ፣ ዛፉ ከገዛ አካሉ የሚሠራለት መኖሪያና ቀለብ ነው። ቅርጹን በብዛት የሚወስነው ያ ፍጡር ነው። ስለዚህ ዛፉንና ቅርጹን አስተውሎ ያየ ሰው ነፍሳቱን በዓይኑ ሳያገኝ እንኳ ወደ ማንነቱ ሊቀርብ ይችላል። አካሄዱ ይህ ነው፦

1. መጀመሪያ ዛፉን ለዩ። እባጭ ሠሪዎች መራጭ ናቸው፤ የባሕር ዛፉ ተርብ ግራር ላይ አይወጣም። እባካችሁ የስልክ መተግበሪያ «የኦክ እባጭ» ብሎ የሰጣችሁን መልስ አትላኩልኝ። ኦክ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ አይበቅልም። የአውሮፓና የአሜሪካ መጽሐፎች በኦክ የተሞሉት ከ1,000 በላይ ከሚሆኑት የእባጭ ተርብ ዝርያዎች አብዛኞቹ የሚኖሩት ኦክ ላይ ስለሆነ ነው። እዚያ ጥሩ መጽሐፎች ናቸው፤ ለእኛ ግቢ አልተጻፉም። ናይሮቢ ውስጥ በየአጥሩ የቆመውና አንዳንዱ ሰው ኦክ የሚለው ግራቪሊያ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፤ ከኦክ ጋር ዝምድና የለውም።

2. ቀጥሎ እባጩ ያለበትን ቦታ እዩ። ጅማት ላይ ነው? የቅጠሉ ገጽ ላይ? እምቡጥ ላይ? ሥር ላይ? ባሕር ዛፍ ላይ ሆኖ የቅጠሉን መካከለኛ ጅማት፣ የቅጠሉን ዘንግና ለጋውን ቅርንጫፍ ከያዘ ሌፕቶሳይቢ ኢንቫሳ የምትባለውን ተርብ ጠርጥሩ። የቁንዶ በርበሬ ዛፍ ቅጠል በአንድ ወገኑ ጎድጉዶ በሌላው ጉብ ካለ፣ ጉድጓዱ ውስጥ የተለጠፈ የሳይሊድ እጭ ፈልጉ። የፊከስ ቅጠል እንደ ሳምቡሳ ከታጠፈ ግለጡት፤ ጥቋቁር ትሪፕሶች ሲርመሰመሱ ታያላችሁ።

3. ከዚያ በምላጭ ክፈቱት፤ 10 እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ እዩት። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ብቻውን የተኛ እግር የሌለው ነጭ ትል ካለ የተርብ ወገን ነው። የማንጎ ቅጠል ላይ ባለው ኪንታሮት መሰል እባጭ ውስጥ ጭንቅላቱ የማይለይ ብጫ ትል ካገኛችሁ ትንኝ መሰሏ ዝንብ ናት። ቅጠሉ ላይ ከፋይ የመሰለ ጸጉር ብቻ በቅሎ ሌላ ምንም ካልታያችሁ ማይት ነው፤ ርዝመቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በባዶ ዓይን አይገኝም። ክብ ቀዳዳ ካያችሁ ደግሞ ባለቤቱ ወጥቷል። የወጣው ግን የግድ እባጩን የሠራው አይደለም፤ ሠሪውን በልቶ ያደገ ጥገኛ ተርብም ሊሆን ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው ጠላቱን ትቶ ወዳጁን ይከሳል።

አሁን ወደ ርጭቱ ልምጣ፤ ያናደደኝ እሱ ነው።

የባሕር ዛፏ ተርብ 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። እንቁላሏን የምትጥለው ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ቅጠሉ ውስጥ ነው። በቤት ውስጥ ሙቀት በተደረገ ጥናት ከእንቁላል እስከ መውጫ 132 ቀን ያህል ወስዶባታል፤ ከአራት ወር በላይ ማለት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ዙሪያዋን በዛፉ ሥጋ ተሸፍና ትቀመጣለች። የቅጠሉ ገጽ ላይ የተረጨ መድኃኒት በምን በኩል ነው የሚደርስባት?

ደግሞም እባጭ አይረግፍም። ውስጡ ያለችው ነፍሳት ብትሞትም ያበጠው አካል ወደ ጤነኛ ቅጠል አይመለስም። «እባጩ እስኪረግፍ ርጩ» የተባለ ሰው ዓመቱን ሙሉ ይረጫል፤ ገንዘቡን፣ ሳንባውንና አፈሩን ይጎዳል። ላምባው ደግሞ በእባጩ የደከመውን ቅጠል ያቃጥለዋል።

ርጭቱ በእርግጥ የሚገድላቸው አሉ፤ ቅጠሉ ላይ በነጻነት የሚሄዱት ጥገኛ ተርቦች። ይህችን ተባይ በዓለም ዙሪያ ካዳከሟት ነገሮች ዋነኛዎቹ እነሱ ናቸው። ኳድራስቲከስ ሜንዴሊና ሴሊትሪኮዲስ ክራይሰሪ የሚባሉት ከአውስትራሊያ ወደ እስራኤል ተወስደው ተለቀቁ። ደቡብ አፍሪካም ሴሊትሪኮዲስ ኔሰሪን ለቀቀች። እነዚህ እባጩን በእንቁላል መጣያቸው ወግተው ውስጥ ያለችውን እጭ ይደርሱባታል። በተፈጥሮ የተሰጠንን መርፌ በገዛ እጃችን እየሰበርን ነው።

ሌላው የማያስተኛኝ ነገር አለ፤ የባሕር ዛፏ ተርብ ለመራባት ወንድ አያስፈልጋትም፤ ወንዱ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው። እባጭ ያለበት አንድ ችግኝ አዲስ አገር ለመያዝ ይበቃታል። በ2000 በመካከለኛው ምሥራቅና በሜዲትራኒያን አካባቢ ታየች። በ2002 ምዕራብ ኬንያ ተገኘች። ሳይንስ ስም ያወጣላት በ2004 ነው። ስም ሳይኖራት ኬንያ ደርሳ ነበር ማለት ነው! የእኛ ቀይ ባሕር ዛፍ ደግሞ በጣም ከሚጠቁት አንዱ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ማገዶውንም ማገሩንም በባሕር ዛፍ ላይ የጣለ ሕዝብ ይህን አቅልሎ ማየት አይችልም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የተጠቃውን ችግኝ ቀዳዳ ሳይወጣው በፊት ነቅሎ ማቃጠል፤ የሚቋቋም ዝርያ መምረጥ፤ አንድ ዓይነት ብቻ አለመትከል፤ ያደገ ዛፍ ከሆነ ደግሞ አለመርጨት። በሥር የሚሳብ መድኃኒት አንዳንድ ችግኝ ጣቢያ ይጠቀማል፤ እሱ ግን በባለሙያ እጅ እንጂ በቪዲዮ የሚታዘዝ አይደለም።

4. ወደ መለያው አካሄድ ልመለስ፦ ያበጠ ሁሉ እባጭ አይደለም። በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ጥቁር መረሬ አፈር ላይ የሚበቅለው የሚያፏጨው ግራር እሾሁ ሥር ክብ እብጠት አለው፤ ውስጡ ጉንዳን ይኖራል። ብዙ አስጎብኚ «ጉንዳኑ የሠራው እባጭ» ይላል። ስህተት ነው። ዛፉ ጉንዳን በሌለበት ቢበቅልም እብጠቱን ራሱ ያወጣል፤ ጉንዳኑ ቀድዶ ይገባበታል፤ ነፋስ በቀዳዳው ሲያልፍ ያፏጫል። በምላሹ ክሬማቶጋስተር የሚባሉት ጉንዳኖች ዝሆኑን ሳይቀር ያባርሩለታል። በጥር 2024 ዳግላስ ካማሩና ባልደረቦቹ ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡትን አንብቡ። ኬንያ ላይኪፒያ ውስጥ ባለ ትልቅ ጭንቅላት የሚባለው መጤ ጉንዳን እነዚህን ጠባቂዎች ሲያጠፋቸው፣ ዝሆኖች ዛፉን ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ በበለጠ ፍጥነት ሰባበሩት። ሜዳው ተገለጠ፣ አንበሳ መሸሸጊያ አጣ፤ የሜዳ አህያ ማደኑ ቀንሶ ወደ ጎሽ ዞረ። አንዲት ያበጠች እሾህ ይህን ሁሉ ይዛለች። እሷንም «በሽታ» ብሎ የሚቆርጥ ሰው አለ።

የሥሩ ነገርም እንዲሁ ነው። የባቄላ ሥር ላይ ያለውን እብጠት በሽታ ነው ብሎ የሚነቅል አጋጥሞኛል። በጣት ተላቆ የሚወጣና ሲቆረጥ ውስጡ ሮዝ የሆነው ለተክሉ ናይትሮጅን የሚያበላው ነው፤ አትንኩት። ሥሩ ራሱ አብጦ የማይላቀቅ ከሆነ ኔማቶድ የሚባል ጥቃቅን ትል ነው። ጽጌረዳ ግንዱ ሥር ሻካራ ጉብታ ካወጣ ባክቴሪያ ነው፤ እዚያ ላይ የተባይ መድኃኒት ምን ይሠራል? በአዊ ዞን ገበሬው ለከሰል ተክሎ የኖረውን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ የጎዳው ደግሞ ፈንገስ ነው፤ የዋግ ወገን። ተባይ፣ ባክቴሪያና ፈንገስ አንድ መድኃኒት የላቸውም።

የኮርች ዛፍ ቅጠሉ አብጦ ብታዩ ደግሞ አትዘኑለት። ቅጠሉን የምታሳብጠው ተርብ ኳድራስቲከስ ኤሪትሪኔ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጅ ናት፤ እዚህ ጠላቶቿ ስለሚበዙ ዛፉ ችሏት ይኖራል። በ2005 ሃዋይ ስትገባ ግን የዚያን አገር የኮርች ዘመድ ፈጀችው። ሃዋይ በ2008 ጠላቷን ከታንዛኒያ አስመጥታ እስክትለቅ ድረስ ዛፉ አላገገመም። መፍትሔው ከእኛ ሰፈር ሄደ፤ እኛ ግን ያንኑ መፍትሔ በመርጫ እንገድላለን።

ተቋማትን ሳልናገር አላልፍም። ኬንያ እስከ 2032 ድረስ 15 ቢሊዮን ዛፍ እተክላለሁ ብላለች። ኢትዮጵያ ከ2019 ጀምሮ አረንጓዴ አሻራ እያለች ትተክላለች። ሥራው መልካም ነው። ዜናው የሚነግረን ግን የተተከለውን ቁጥር ነው፤ ጣቢያው ላይ ስንቱ ችግኝ ቅጠሉ ተገልብጦ ታየ? ናይሮቢ ካሳራኒ ላይ በ1970 በቶማስ ኦዲያምቦ የተመሠረተው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ አለ፤ ሙጉጋ ላይ የኬንያ የደን ምርምር ተቋም አለ። እውቀቱ ከኪተንጌላ የመኪና ጉዞ ያህል እንጂ አይርቅም። የሚወጣው ግን በእንግሊዝኛ፣ ተመራማሪ ለተመራማሪ ነው። በአማርኛ የተተወውን ባዶ ቦታ የቪዲዮው ሰውዬ ያዘው። አንድ መሥሪያ ቤት ይህን በቀላል አማርኛ አትሙልን ብዬ ፎቶ ይዤ ብሄድ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። እባጩ ደብዳቤ አይጠብቅም።

ስለዚህ ወገኖቼ፦ እባጭ ስታዩ ቅጠሉን ከላይም ከታችም፣ ዛፉንም ጨምራችሁ ፎቶ አንሱ። አንዱን ቆርጣችሁ የከፈታችሁትንም አሳዩና የእጽዋት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ችግኝ ድንበር የሚሻገረው በእጽዋት ጤና ምስክር ወረቀት ነው፤ እዚህ የሚሰጠው የኬንያ የእጽዋት ጤና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ኬፊስ ነው። ያለ እሱ በሞያሌም ሆነ በሌላ በር አንድም ችግኝ ወደ አገር ቤት አትላኩ።