ከውሳኔው በፊት ማን ተጠየቀ?



በዚህ እትም የምናነሳው ጉዳይ ብዙዎቻችን «የመንግሥት ሥራ ነው» ብለን የምናልፈው ነው። የውሃ ጉድጓድ የት ይቆፈር? አዲሱ የመታወቂያ ሥርዓት በየትኛው ቋንቋ ያናግረን? ይህን የሚወስነው ማን ነው? ተጠቃሚው ሕዝብስ የሚጠየቀው ሥራው ሳይጀመር ነው ወይስ ካለቀ በኋላ?

«የሕዝብ ተሳትፎ» የሚለው ቃል በስብሰባ አዳራሽ ደጋግሞ ይሰማል። ነገር ግን ተሳትፎ ደረጃ አለው። አንደኛው ማሳወቅ ነው፤ ውሳኔው አልቋል፣ ሕዝቡ የሚጠራው እንዲሰማ ብቻ ነው። ሁለተኛው ማማከር ነው፤ ሐሳብ ይሰበሰባል፣ ወሳኙ ግን ሌላ ነው። ሦስተኛው ማስወሰን ነው፤ ገንዘቡ፣ መረጃው ወይም ኃላፊነቱ በተጠቃሚው እጅ ይገባል። ሦስቱም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ችግር የሚመጣው የመጀመሪያው በሦስተኛው ስም ሲጠራ ነው።

ገንዘቡ ለመንደሩ ሲሰጥ

ለዚህ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2011 ድረስ በኢትዮጵያና በፊንላንድ መንግሥታት ትብብር በአማራ ክልል የገጠር ውሃ አቅርቦትና አካባቢ ፕሮግራም ሲካሄድ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ፕሮግራሙ «የማኅበረሰብ ልማት ፈንድ» የተባለ አሠራር ጀመረ። በዚህ አሠራር ውሃ የፈለገ መንደር ኮሚቴ መርጦ ለወረዳው ያመለክታል። ወረዳው ጥያቄውን መርምሮ ካጸደቀ፣ ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሁላችንም «አብቁተ» በምንለውና ዛሬ ጸደይ ባንክ በሆነው ተቋም በኩል፣ በቀጥታ ለውሃ ኮሚቴው ይደርሳል። ሲሚንቶ የሚገዛው ኮሚቴው ነው፤ ግንበኛ የሚቀጥረውም እሱ ነው። ነዋሪው ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል፣ ጉልበቱን ያዋጣል፣ ለጥገና የሚሆን ገንዘብም አስቀድሞ ይቆጥባል። የወረዳው ድርሻ ማሠልጠን፣ መደገፍና መቆጣጠር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ይህ መንገድ «ኮዋሽ» በተባለው ፕሮጀክት አማካይነት ወደ ሌሎች ክልሎችም ተዳርሷል።

ልዩነቱ ምን ላይ ነው? ሌላ ሰው ሠርቶ ያስረከበው ፓምፕ ሲበላሽ ሕዝቡ «የሠሩት ይምጡ» ብሎ ይጠብቃል። ራሱ የገዛው ሲበላሽ ግን መለዋወጫው የት እንደሚሸጥ ያውቃል፣ የሚጠግነውን ሰው ያውቃል፣ ለዚሁ የተቆጠበ ገንዘብም አለው። በእርግጥ ይህ አሠራር ለሁሉም ሥራ አይሆንም። በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድና ለሚጎለብት ምንጭ ይመቻል፤ ከባድ ማሽን ለሚፈልግ ጥልቅ ጉድጓድ ግን የባለሙያ ተቋም ያስፈልጋል። መዋጮውም ካልታሰበበት ድሃውን ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ «ማን አልቻለም?» የሚለው ጥያቄ ከመዋጮው በፊት መነሳት አለበት።

የዳንግላ ገበሬዎች መዝገብ

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚሁ ከአዊ ነው። በዳንግላ ወረዳ ዳንግሽታ ቀበሌ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የአካባቢው ነዋሪዎች ራሳቸው የዝናቡን መጠን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዶችን የውሃ መጠን እየለኩ ሲመዘግቡ ቆይተዋል። ሥራው የተጀመረው የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአገር ውስጥ ባልደረቦቻቸው ጋር ባካሄዱት የከርሰ ምድር ውሃ ጥናት ነው።

«ገበሬ የለካው ልኬት ይታመናል ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ተመራማሪዎቹም የጠየቁት ይህንኑ ነው። የነዋሪዎቹን መዝገብ ከመደበኛ ጣቢያዎችና ከሳተላይት ከተገኘ መረጃ ጋር አስተያዩት። እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት በማኅበረሰቡ የተሰበሰበው መረጃ ጥራት ከእነዚህ የማያንስ፣ አንዳንዴም የሚበልጥ መሆኑን አሳይተዋል። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም፤ መደበኛው ጣቢያ ከቀበሌው ርቆ ይገኛል፤ ሳተላይቱም ሰፊ ቦታን በአንድ ላይ ነው የሚያየው፤ መዝጋቢው ግን እዚያው ነዋሪ ነው። ሕዝቡን ማሳተፍ እንደ ውለታ መታየት የለበትም። ከሌላ ቦታ የማይገኝ እውቀት የሚገኝበት መንገድ ነው።

ሹራ

ይህ ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከቁርኣን ምዕራፎች አንዱ «አሽ-ሹራ» ይባላል፤ መመካከር ማለት ነው። በኡሑድ ዘመቻ ነቢዩ ﷺ በመዲና ውስጥ ሆኖ መከላከልን ይመርጡ እንደነበር፣ ነገር ግን ከከተማው መውጣት የፈለጉትን፣ በተለይም ወጣቶቹን፣ ሰምተው እንደወጡ ሲራ ይነግረናል። ዘመቻው ከባድ ጉዳት አስከተለ። ሆኖም የመማከር ትእዛዝ በአሊ ዒምራን ምዕራፍ የሰፈረው ስለዚያው ዘመቻ በሚናገሩት አንቀጾች መካከል ነው። አንድ ምክክር ያልተፈለገ ውጤት ስላመጣ መመካከር ይቅር አልተባለም። «ሕዝቡን ጠይቀን ነበር፣ አልሆነም» ለሚል ኃላፊ ይህ በቂ መልስ ነው።

አሁን ደግሞ ፋይዳ

ዛሬ አገልግሎት ወደ ዲጂታል እየዞረ ነው። በኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ፋይዳ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለቱን ዓይኖች አይሪስና የፊት ፎቶ ወስዶ ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ ባለ12 አሃዝ ቁጥር ይሰጣል። ስሙ ከዐረብኛው «ፋኢዳ» ጋር አንድ ነው፤ ጥቅም ማለት ነው። ጥቅሙም እውነት ነው። የቀበሌ መታወቂያ ከቀበሌው ወጥቶ ለማረጋገጥ የሚያስቸግርባት አገር ውስጥ፣ የትም የሚሠራ መታወቂያ ለድሃው ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ግምጃ ቤት አካባቢ የሚኖሩ አንድ አረጋዊ ገበሬን እናስብ። ዕድሜ ልካቸውን ሞፈር የጨበጠ ጣታቸው አሻራው ደብዝዟል። በሕንድ የአድሃር መታወቂያ ላይ በጉልበት ሠራተኞችና በአረጋውያን ያጋጠመው ችግር ይኸው ነው። አፋቸውን የፈቱት በአውኚ ነው፤ የሚሞሉት ፎርም ግን በሌላ ቋንቋ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ የሚደርሰው በስልክ መልእክት ነው፤ በቤቱ ያለችው አንዲት ስልክ ደግሞ የልጃቸው ናት። ቁጥሩ የማን ነው? ልጁ ከተማ ቢገባስ? እነዚህን ጥያቄዎች ሶፍትዌር የሚጽፈው ሰው ከቢሮው ሆኖ አያያቸውም። የሚያውቋቸው አረጋዊውና ቤተሰባቸው ናቸው። ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ያለባቸውም እነሱ ናቸው።

ያልተጠየቀ ሕዝብ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከጎረቤታችን ኬንያ እንማር። እ.ኤ.አ. በ2019 መንግሥት «ሁዱማ ናምባ» የተባለ ዲጂታል መታወቂያ ሲጀምር፣ መታወቂያ ለማግኘት ለዘመናት ልዩ ማጣራት ይደረግባቸው የነበሩት፣ አብዛኞቹ ሙስሊም የሆኑት ኑቢያውያን በመብት ፎረማቸው በኩል ፍርድ ቤት ሄዱ። ጥያቄያቸው «ወረቀት የሌለን ሰዎች በዚህ ሥርዓት ከነጭራሹ አንጠፋም ወይ?» የሚል ነበር። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጥር 2020 እ.ኤ.አ. በቂ የሕግ ማዕቀፍ ሳይኖር ሥራው እንዳይቀጥል ወሰነ፤ በ2021 ደግሞ በሌላ ክስ የመረጃ ጥበቃ ግምገማ አልተደረገም ሲል ካርዱ የተሰጠበትን ውሳኔ ሻረው። መጀመሪያ ቢጠየቁ ኖሮ ብዙ ገንዘብና ጊዜ ይተርፍ ነበር።

በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ማንኛችንም ስለ እኛ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የተሳሳተውን የማስተካከል መብት አለን። መብቱ የሚሠራው ግን ሲጠየቅበት ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ለዕረፍት ወደ ቤት ስንመለስ ከምዝገባ የቀሩ አረጋውያንንና እናቶችን እንፈልግ፤ አካሄዱን በሚገባቸው ቋንቋ እናስረዳ። «አልተቻለም» ተብለው የተመለሱ ካሉ ምክንያቱን ጽፈን ለወረዳው እናቅርብ። አንድ ሰው ሲናገር አቤቱታ ነው፤ ተሰብስቦና ተጽፎ ሲቀርብ ግን እንደ ዳንግሽታው መዝገብ መረጃ ይሆናል። አዲስ አገልግሎት ሲመጣም አራት ጥያቄ እንያዝ፦ ከውሳኔው በፊት ማን ተጠየቀ? ያልመጡት እነማን ናቸው? የተነገረው ሐሳብ ምን ለወጠ? ሲበላሽ ለማን ይነገራል?

ልምምዱን ከራሳችን እንጀምር። ረመዷን ሲቃረብ የኢፍጣርና የሱሑር አቀራረብ በጥቂት ተወካዮች ብቻ እንዳይወሰን የእኅቶችን ዶርም፣ አዲስ ገቢዎችንና አካል ጉዳተኛ ወንድምና እኅቶቻችንን ቀድመን እንጠይቅ፤ የጠየቅነው ምን እንደለወጠም ተመልሰን እንንገራቸው። በጀመዓው ያልተለማመድነውን ነገ ቢሮ ስንይዝ ድንገት አናገኘውም።