ሳይነኩ ሙቀትን ስለሚለካ መሣሪያ

በእጅ የሚያዘው የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ምግቡን ሳይነካ በቅጽበት ስለሚለካ፥ ብዙ ሰው በሚመገብበት ወጥ ቤት እጅግ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን አጠቃቀሙን ያላወቀ ሰው በሚያነበው ቁጥር ተታሎ ለጤና የማይበጅ ምግብ ሊያቀርብ ይችላል።

ማናቸውም ነገር እንደ ሙቀቱ መጠን ለዓይን የማይታይ ጨረር ያወጣል። መሣሪያው ይህንኑ ጨረር ተቀብሎ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ስለዚህ የሚለካው የነገሩን ገጽ ብቻ ነው እንጂ ውስጡን አይደለም።

በሚለካበት ጊዜ የሚከተሉትን መጠበቅ ያስፈልጋል።

1ኛ/ የሚያብረቀርቅ ብረት አይለካ። አዲስ የአሉሚኒየም ድስት የራሱን ጨረር በጥቂቱ ብቻ ስለሚያወጣና የአካባቢውን ጨረር እንደ መስተዋት ስለሚመልስ፥ የፈላው እንኳ የቀዘቀዘ መስሎ ይታያል። ድስቱን ትቶ ወጡን መለካት ይገባል።

2ኛ/ ወደሚለካው ነገር መቅረብ ነው። በመሣሪያው ላይ 12፡1 ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ፥ በ60 ሳንቲሜትር ርቀት የሚለካው 5 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው። ቀዩ ብርሃን ማነጣጠሪያ ብቻ ነው።

3ኛ/ እንፋሎትና መስተዋት ጨረሩን ይጋርዳሉ። ክዳኑን ከፍቶ፥ እንፋሎቱን አሳልፎ፥ ወጡን አማስሎ መለካት ነው።

4ኛ/ መሣሪያው ከሙቅ ስፍራ ወደ ቀዝቃዛ ክፍል በገባ ጊዜ፥ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ።

5ኛ/ ትክክለኛነቱን ለመፈተን፥ የተፈጨ በረዶ ከጥቂት ውሃ ጋር አማስሎ ቢለኩት 0 ዲግሪ አጠገብ ሊያሳይ ይገባዋል። የፈላ ውሃ ለዚህ አይመችም፤ እንፋሎቱ ያሳስታል፤ ደግሞም በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው፥ የምግቡ ውስጥ እስከ 70 ዲግሪ ድረስ መብሰል፥ ትኩሱ ከ60 በላይ፥ ቀዝቃዛው ከ5 በታች መጠበቅ አለበት። በ5ና በ60 መካከል ተሕዋስያን ፈጥነው ይራባሉ።

ከሁሉ የሚያሠጋው በትልቅ ድስት ያደረ ወጥ ነው። በማቀዝቀዣ ውስጥ ላዩ 5 ዲግሪ ሲያሳይ፥ መካከሉ ገና ለብ ያለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወጡን በዝርግ ዕቃዎች ከፋፍሎ ማቀዝቀዝ፥ ውስጡንም ንጹሕ በሆነ ባለ መርፌ ቴርሞሜትር መለካት የወጥ ቤት ኃላፊ ሁሉ ተግባር ነው።