ማስቲካው ይብቃ

ጅማ፣ አወቱ መንደራ ቡና ተጠርተን ነው። አንዲት ጎረቤታችን ሲኒዋን አንስታ ትኩሱን እፍ ስትል ግራ ዓይኗ ክድን አለ። ከወራት በፊት ፊቷ በግራ በኩል ጠምሞ ነበር። አሁን ፈገግታዋ ተመልሷል፤ አፏን ባንቀሳቀሰች ቁጥር ግን ዓይኗ ሳታዝዘው አብሮ ይዘጋል። «ገና አልጠናልሽም፣ ማስቲካውን በደንብ አኝኪ» አሏት አጠገቧ የነበሩት እናት። «መንጋጋዬ እስኪዝል አኝካለሁ እኮ እትዬ፤ ዓይኔ ግን ባሰበት» አለች።

ይህን ምክር ነጭ ጋዋን ከለበሱ ሰዎችም ጭምር ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥር ያናድደኛል። መነሻው ከንቱ አይደለም። በጄሶ ታስሮ የከረመ እጅ ይመነምናል፣ ሲያሠሩት ይጠነክራል። ፊትም እንደዚያው ቢመስለን አይፈረድብንም። በዚያ ላይ መንስኤው ሳይታወቅ በድንገት ፊት በሚያጠምመው፣ ሐኪሞች ቤልስ ፓልሲ በሚሉት ሕመም ከሚያዙ 10 ሰዎች 7ቱ ገደማ ያለ መድኃኒትም ይድናሉ፤ ምስጋናውን ማስቲካው ይወስዳል።

የጎረቤታችን ችግር ግን ድካም አይደለም። የፊትን እንቅስቃሴ የሚያዘው ሰባተኛው የራስ ቅል ነርቭ ከጆሮ ኋላ ባለ ጠባብ የአጥንት ቦይ ያልፋል። እዚያ ሲያብጥ ይጨመቃል፣ ክሮቹም ይጎዳሉ። የተጎዱት ክሮች በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል እያደጉ ሲመለሱ አንዳንዶቹ ይሳሳታሉ፤ ወደ ከንፈር መሄድ የነበረበት ክር ዓይን ቆብ ላይ ያርፋል። ስለዚህ አንጎል ከንፈርን «እፍ በል» ሲለው ትእዛዙ ለዓይንም ይደርሳል። ሲንኪኔሲስ ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ብቅ የሚለው ከወራት በኋላ፣ ሰው «ዳንኩ» ባለበት ሰዓት ነው። ምግብ ሲበሉ በአንድ ዓይናቸው እንባ የሚወርድባቸውም አሉ፤ ነገሩ ተመሳሳይ ነው።

ማስቲካ የምናኝክባቸውን ጡንቻዎች የሚያዘው ደግሞ አምስተኛው ነርቭ ነው። ታማሚው ቀኑን ሙሉ የሚያለፋው ያልታመመውን ጡንቻ ነው ማለት ነው። በኃይል ማኘክ፣ ፊኛ መንፋት፣ ፊትን አጥብቆ መጨማደድ ዓይንና አፍን አብረው ያሠራሉ፤ የሳተውን መንገድ እየረገጡ እንደ ማስፋት ነው።

የሚሻለው ዝግታ ነው። መስተዋት ፊት ተቀምጦ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ፈገግ ማለት፤ ዓይን ሊከደን ሲል ማቆም፤ የጠጠረውን ጉንጭ በእጅ ቀስ አድርጎ ማሸት። ወራት ይፈጃል፣ ሙሉ በሙሉም ላይጠፋ ይችላል። ዓይን ቆብ ላይ የሚወጋ የቦቱሊነም መርፌም አለ፤ ከ3 እስከ 4 ወር ያህል ጡንቻውን ያላላዋል፣ ውድ ነው።

«በዓይኗ ጠቀሰችው» የሚል ሐሜትም ሰምቻለሁ። አልጠቀሰችውም። ነርቯ ነው።

ስለ ሕመሙ የሚባሉትን ሌሎቹንም ባጭሩ። «ንፋስ መታው»፦ ብዙ ሰው ከእንቅልፉ ሲነሳ ስለሚያገኘው ክፍት መስኮት ቢጠረጠር አይገርምም፤ ሐኪሞች ይበልጥ የሚጠረጥሩት ግን ቫይረስ ነው። «የሰይጣን ጥፊ» ነው ለሚሉ፣ ጸበሉም ዱዓውም ሐኪም ቤት ከመሄድ አያግድም። ቅጠል ጨምቆ ዓይን ውስጥ ማንጠብጠብ ግን ነውር ነው፤ የማይከደን ዓይን በራሱ ይደርቃል፣ ይቆስላል። «ስትሮክ ነው» ለሚለው፦ በስትሮክ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ግንባር ይንቀሳቀሳል፤ እጅ ከሰነፈ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ደግሞ ደቂቃም አይባክንም። ጆሮ አካባቢ አልማዝ ባለጭራ ከወጣ ለሐኪሙ ይነገር።

ስኮትላንድ ውስጥ ተደርጎ በ2007 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ፕሬድኒሶሎን የተባለውን መድኃኒት ከጀመሩ 100 ሰዎች 94ቱ በ9 ወር ውስጥ ድነዋል፤ ካልወሰዱት 82ቱ። እናም ከአጋሮም ይሁን ከሰቃ፣ ዛሬ ጠዋት ፊትዎ ጠምሞ ከተነሱ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ወይም ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይሂዱ። ማታ ሲተኙ ዓይንዎን በፕላስተር ይክደኑት።