ትከሻም ትምህርት ይሻል

እስክስታ በጎንደር ከተማም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ደጋ፣ ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የሚለምደው ስለ ሆነ፣ «ትምህርት ያሻዋል» ቢባል ብዙ ሰው ይስቃል። ይሁን እንጂ ልጅነቱን በአዳሪ ትምህርት ቤት የጨረሰ ተማሪ ወይም ከሌላ አውራጃ ተዛውሮ የመጣ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሠርግ በተጠራ ጊዜ የሚሆነውን እናውቃለን። ከበሮው ሲጎሸም ብርሌውን እንደ ያዘ ወደ ዳሱ ማእዘን ያፈገፍጋል፤ እጁን ይዘው ሲስቡትም «አልችልም» ይላል። አለመቻል ነውር አይደለም፤ ሳይሞክሩ መቅረት ግን ከወገን ደስታ ራስን ማግለል ነው።

እንግዲህ ጀማሪው ከምን ይነሣ? ከሁሉ አስቀድሞ ከጭብጨባ ይነሣ። በእስክስታ ክብ ውስጥ የሚያጨበጭበው ሰው ተመልካች ብቻ አይደለም፤ የጨዋታው አንድ ክፍል ነው። የከበሮውን ወፍራምና ቀጭን ድምፅ በመዳፉ መከተል የቻለ ሰው የትምህርቱን ፊደል ቈጠረ ማለት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የአቋም ነው። እግርን ጥቂት ከፈት፣ ጉልበትን ላላ አድርጎ፣ እጅን በወገብ ላይ አሳርፎ መቆም፤ ከዚያም ትከሻን ቀስ ብሎ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ቀጥሎም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማመላለስ ነው። እዚህ ላይ ጀማሪውን የሚያስቸግረው ትከሻውን ማንቀሳቀሱ ሳይሆን ሌላውን አካል ማሳረፉ ነው። ዐረቦች ራቅስ ሸርቂ የሚሉትን የካይሮ ውዝዋዜ የሚማር ሰውም ችግሩ ይኸው ነው፤ እርሱ ደረቱን አሳርፎ ወገቡንና ዳሌውን ያናግራል፣ የጎንደሩ ደግሞ ወገቡን አሳርፎ ትከሻውን ያናግራል። አካሉ ቢለያይም ምሥጢሩ አንድ ነው።

ሦስተኛው ትንፋሽ ነው። ትንፋሹን ያፈነ ሰው ትከሻው ይደርቃል፤ ትንፋሹን ከምቱ ጋር ያስማማ ግን ሳይደክም ይቆያል። አንገት መስበቅን በመጀመሪያው ቀን መድፈር አይገባም፤ በየቀኑ ዐሥር ደቂቃ መለማመድ በሳምንት አንድ ቀን ራስን ከማድከም ይሻላል።

ለዚህም ወቅቱን ማወቅ ይጠቅማል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ቀን ስለሚገባ፣ ከዘመን መለወጫ እስከዚያ ያለው ጊዜ ለልምምድ የተመቸ ነው፤ ጥር 11 ቀን ጥምቀት ካለፈ በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ደግሞ የሠርግ ወራት ነው።

በዕድሜ ከበሰሉ በኋላ በአዳራሽ ውስጥ እስክስታን መማር ያሳፍራል የሚል ቢኖር፣ ከጎንደር ወደ እስራኤል የሄዱትን የቤተ እስራኤል ልጆች ይመልከት። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ከአገር ከወጡ በኋላ፣ ወይዘሮ ሩት ኤሼል እ.ኤ.አ. በ1995 በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ «እስክስታ» የተባለ የውዝዋዜ ጓድ አቋቋመች። ተወዛዋዦቹ ከኢትዮጵያ የሄዱ ተማሪዎች ነበሩ፤ የአያቶቻቸው ትከሻ በባዕድ አገር መድረክ ላይ ታየ። ባሕር ማዶ ሆኖ የሚማር ካለ፣ ጎንደር ላይ ተቀምጦ የሚያፍር ምን ይባላል?

መምህሩስ ማን ነው? በመንደር አያትና አክስት፣ በከተማ ደግሞ አዝማሪው ነው። በጎንደር አጠገብ ያለችው ቡርቧክስ የአዝማሪዎች መንደር በመሆኗ የታወቀች ናት። ነገር ግን አባቶቻችን በአዝማሪው ማሲንቆ ሲደሰቱ ኖረው፣ ልጃቸውን ለእርሱ መዳር ሲጠየፉ እንደ ነበር አይካድም። ይህ ልማድ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ዛሬም በምሽት በግንባሩ ላይ ብር የሚለጥፍለት ሰው፣ በማግሥቱ በመንገድ ሲያገኘው ሰላምታ የሚነፍገው አለ።

ስለዚህ ወጣቱ ተማሪ ወይም የቢሮ ሠራተኛ አዝማሪውን ቀን በፀሐይ ሄዶ «አስተምረኝ» ይበለው፤ የድካሙንም ዋጋ እንደ መምህር ይክፈለው። አንድ ወር ሙሉ ትከሻውን አላዝዝ ብሎት የከረመ ሰው፣ ያንን ትከሻ እንደ ውሃ የሚያፈሰውን ባለሙያ ከእንግዲህ ወዲህ አሳንሶ ሊያየው አይችልም።