ፉርጎው በምኑ ይጎተት? በቦጊው ወይስ በሻንሲው?

ለንደን ባቡርን አሳንሶ መሥራት እንደ ቁም ነገር የሚታይባት ከተማ ናት። በኪንግስ ክሮስ አካባቢ የሚገኘው የሞዴል ባቡር ክበብ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1910 ሲሆን፣ በዓለም ላይ ካሉ መሰል ክበቦች ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ከሞዴሎቹ መካከል ግን በቤት ጓሮ የሚዘረጋው ትልቁ ዓይነት ለኢትዮጵያውያን የተለየ ትርጉም አለው።

የጀርመኑ ኤል ጂ ቢ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የሚሠራበት የሐዲድ ስፋት 45 ሚሊ ሜትር፣ የታወቀው ልኬቱም 1 ለ22.5 ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው፣ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው አሮጌው መስመር ደግሞ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። አንድ ሜትር ለ22.5 ሲካፈል 44.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ የለገሃርን ባቡር በትክክለኛ ልኬት ለመሥራት ለሚሻ ሰው ሐዲዱ አስቀድሞ ተዘጋጅቶለታል። የሚቀረው ፉርጎዎቹን ሠርቶ ማያያዝ ነው፤ ብዙ ሰው የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው።

ከፋብሪካ የሚወጡ አብዛኞቹ ፉርጎዎች ማያያዣቸው የተተከለው በቦጊው ላይ ነው። ቦጊ መንኮራኩሮቹን የተሸከመው፣ ከፉርጎው ሥር በአንድ ምሰሶ ላይ የሚዞረው ጋሪ ነው። ባቡሩ ወደ ፊት ሲጎተት ይህ አሠራር ጥሩ ነው፤ ኃይሉ ቦጊውን ወደ ጉዞው አቅጣጫ ስለሚስበው ጥቂት ቢያዘነብል እንኳ ራሱን ያቃናል። ወደ ኋላ ሲገፋ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በማያያዣው ላይ የሚያርፈው ግፊት ጥቂት እንኳ ቢያዘነብል ቦጊውን በምሰሶው ዙሪያ ያጣምመዋል፤ የመንኮራኩሩ ጠርዝ በሐዲዱ ላይ ይወጣና ፉርጎው ይወድቃል። ገመድን መጎተት ቀላል፣ መግፋት ግን ከንቱ የሚሆነው በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ማያያዣውን ከቦጊው ነቅሎ በፉርጎው ሻንሲ ላይ ማሰር ነው። ያን ጊዜ ጉተታውም ግፊቱም ከሻንሲ ወደ ሻንሲ ያልፋል፤ ቦጊው ሸክሙን ተሸክሞ ሐዲዱን ከመከተል በቀር ሌላ ሥራ አይኖረውም። ትልልቆቹ የጭነት ባቡሮችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። አሜሪካዊው ኢላይ ጃኒ እ.ኤ.አ. በ1873 የባለቤትነት መብት ያገኘበት፣ እንደ ሁለት የተጠማዘዙ እጆች የሚጨባበጠው ማያያዣ ሠራተኞች በፉርጎዎች መካከል ገብተው እጃቸውንና ሕይወታቸውን የሚያጡበትን ዘመን ለማስቀረት ረድቷል። የአሜሪካ ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ1893 ፉርጎዎች በራሳቸው የሚያያዙ እንዲሆኑ በሕግ ደነገገ።

ነገር ግን ይህ መፍትሔ ዋጋ አለው፤ ዋጋውም ቦታ ነው። በቦጊዎቹ መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያለው፣ ማያያዣው ከቦጊው መሃል 8 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ የወጣ ፉርጎ እንውሰድ። ሬዲየሱ 60 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጠባብ ኩርባ ላይ ማያያዣው ከሐዲዱ መሃል 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። በ120 ሴንቲ ሜትር 1.3፣ በ240 ሴንቲ ሜትር ደግሞ 0.6 ብቻ ነው። አስቸጋሪው ግራ ኩርባ ወዲያው ቀኝ ኩርባ ሲከተለው ነው። ሁለቱ ማያያዣዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚወጡ በጠባቡ ኩርባ ላይ ልዩነቱ 5 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ይህም ከሐዲዱ ስፋት ይበልጣል። ፉርጎዎቹ እርስ በርስ ተጎታትተው ከሐዲድ ይወጣሉ።

ለለንደን ነዋሪ ጥያቄው ከባድ ነው። ሬዲየሱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ በ1.2 ሜትር ስፋት ላይ ይዘረጋል፤ የ240ው ግን 4.8 ሜትር ይጠይቃል፤ ተያይዘው የተሠሩ የከተማዋ ቤቶች ጓሮ ደግሞ ጠባብ ነው። ስለዚህ መሰርሰሪያ ከማንሣት በፊት ሜትር ማንሣት ይገባል። ኩርባው ጠባብ፣ ባቡሩም አጭርና ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ ከሆነ የፋብሪካው አሠራር ይበቃል። ረጅም ባቡር የሚጎትት፣ ወደ ኋላም የሚገፋ ሰው ግን ሰፊ ኩርባ ዘርግቶ ማያያዣውን ወደ ሻንሲው ቢያዛውር ይሻለዋል።

ሥራው ሲጀመር የማያያዣው ሳጥን በሻንሲው መካከለኛ መስመር ላይ መዋሉን፣ ቦጊው ሲዞር መንኮራኩሩ እንደማይነካው አስቀድሞ ማረጋገጥ ያሻል። ከብሎኑ የቀጠነ ቀዳዳ ቢቀደድ ፕላስቲኩ አይሰነጠቅም። የሁሉም ፉርጎ ማያያዣ ከሐዲዱ እኩል ከፍታ እንዲኖረው የጎደለው በሮንዴላ ይሞላል። በተቃራኒ ኩርባዎች መካከልም ቢያንስ ከረጅሙ ፉርጎ የማያንስ ቀጥ ያለ ሐዲድ ይግባ። ሁሉንም ፉርጎዎች በአንድ ጊዜ መለወጥ ለማይችል ሰው፣ አንድ ጫፉ አሮጌውን ሌላው ጫፉ አዲሱን ማያያዣ የያዘ አንድ አገናኝ ፉርጎ ይበቃዋል። ፈተናውም ባቡሩን በጠባቡ ኩርባ ላይ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መግፋት ነው። ያንን ያለፈ ባቡር ወደ ፊት ሲጎተት የሚቸገርበት ምክንያት እምብዛም አይኖርም።