ሮቦቶቹን ማን ተራ ያስይዛቸው?

በዚህ እትም ስለ ማሽን ልናወራችሁ ነው። «እኛ ስለ ማሽን ምን አገባን?» የምትሉ ብትኖሩ ትንሽ ታገሡን፤ ነገሩ ከምታስቡት በላይ ወደምትሠሩበት ቤት የቀረበ ነው።

ባለፈው ሰሞን ከጉባኤ በኋላ ሻይ እየጠጣን ሳለ አንዲት እኅት የገጠማትን አጫወተችን። ማዳሟ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ማሽን ገዝታለች። አንደኛው መሬት ለመሬት እየዞረ አቧራ የሚስብ፣ ሁለተኛው በእርጥብ ጨርቅ የሚወለውል፣ ሦስተኛው መስኮት ላይ ተለጥፎ መስታወት የሚያጸዳ ነው። ሦስቱም የተለያየ ፋብሪካ ሥሪት ናቸው፤ ሦስቱም በማዳም ሞባይል ላይ የየራሳቸው አፕ አላቸው፤ አንዱ ስለ ሌላው መኖር እንኳ አያውቅም። አንድ ቀን ጠዋት፣ ልጆቹ ብስኩት ሲያደቁበት ባመሹት ሳሎን ወልዋዩ ቀድሞ ገባ። ፍርፋሪውን በውኃ አቡክቶ ከዳር እስከ ዳር ቀባው። ከኋላው ጠራጊው መጣና በዚያ ሊጥ ላይ እየተመላለሰ ጎማውን ሁሉ አጨማለቀ፤ በመጨረሻም ከምንጣፉ ዘርፍ ጋር ተጠላልፎ ቆመና ይጮኽ ጀመር። ማዳም ከመኝታ ቤት ስትወጣ ዓይኗ ያረፈው ግን በማሽኖቹ ላይ አልነበረም። «አንቺ የት ነበርሽ?» አለቻት።

ሁላችንም ሳቅን። እርሷ አልሳቀችም። «ሊያስወጡኝ የመጡ መስሎኝ ስፈራ፣ ጭራሽ የእነርሱ ሞግዚት አደረጉኝ» አለች።

ይህ ችግር የእርሷ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ መጋዘኖችና ፋብሪካዎችም ከዚሁ ጋር ይታገላሉ፤ እነርሱ ዘንድ ማሽኖቹ በአሥር፣ በመቶ፣ አንዳንድ ቦታም በሺህ ይቆጠራሉ። መድኃኒት የሚያመላልሰው ከአንድ ኩባንያ ይገዛል፣ ወለል የሚያጥበው ከሌላ፣ ምግብ የሚያደርሰው ደግሞ ከሦስተኛ። የተገዙበት ዓመት የተለያየ፣ የሚናገሩት «ቋንቋ» የተለያየ ነው። በጠባብ ኮሪደር ሁለቱ ፊት ለፊት ሲገናኙ እያንዳንዱ «ሌላው ይለፍ» ብሎ ይቆማል፤ ሁለቱም ቆመው ይቀራሉ። እንደ ባቢሎን ግንብ ሠሪዎች አንዱ ጡብ ሲል ሌላው አይሰማውም።

በዚህ ነገር ላይ ቀድመው ከሠሩት አገሮች አንዷ ሲንጋፖር ናት። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።) እዚያ ቻንጊ ጄኔራል የሚባል ከአንድ ሺህ በላይ አልጋ ያለው ሆስፒታል አለ። በ2015 ፓናሶኒክ የሠራውን «ሆስፒ» የተባለ ሮቦት መድኃኒትና የላቦራቶሪ ናሙና እንዲያመላልስ ሥራ አስጀመረ። ውሎ አድሮም የሌሎች ኩባንያዎች ሮቦቶች ተጨመሩ። በ2018 የሲንጋፖር የጤና ባለሙያዎች ኦፕን ሮቦቲክስ ከተባለ የአሜሪካ ድርጅት ጋር ሆነው የተለያዩ ሮቦቶችን የሚያስማማ የኮምፒውተር ፕሮግራም መሥራት ጀመሩ። ዛሬ ኦፕን አርኤምኤፍ ይባላል፤ ማንም ሰው በነፃ ወስዶ ሊጠቀምበት ይችላል።

አሠራሩን ለመረዳት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። መገናኛ ወይም ፒያሳ ታክሲ ተራ የቆመች ሁሉ ታውቀዋለች። እያንዳንዱ ሚኒባስ የራሱ ባለቤት፣ የራሱ ሾፌር፣ የራሱ ወያላ አለው። ተራ አስከባሪው የማንንም መሪ አይጨብጥም፣ የማንንም ሞተር አይነካም። ማን ቀድሞ እንደሚጭን፣ ማን ፈቀቅ እንደሚል ይናገራል፤ በቃ። እርሱ ባይኖር ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ምን እንደሚፈጠር ይታያችሁ።

ፕሮግራሙም እንዲሁ ነው። የየኩባንያው ሮቦቶች በራሳቸው አለቃ ሥር ይቆያሉ፤ በእያንዳንዱ አለቃና በተራ አስከባሪው መካከል ግን አንድ አስተርጓሚ ፕሮግራም ይቆማል። እያንዳንዱ ሮቦት በየት በኩልና በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ በአንድ የጋራ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የሁለት ሮቦቶች መንገድ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት የሚጋጭ ከሆነ፣ ገና ሳይገናኙ ይደራደራሉ፤ አንዱ ይዘገያል ወይም በሌላ በር ይዞራል። አዲስ ሥራ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ እንደ ጨረታ ነው። «ይህን ናሙና ወደ ሦስተኛ ፎቅ ማን ያድርስ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የየኩባንያው አለቃ «የእኔ ሮቦት ይህን ያህል ይፈጅበታል» ብሎ ያቀርባል፤ ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ቅርብ ያለውና ባትሪው ያልደከመው ነው። አሳንሰሩም የራሱ አስተርጓሚ አለው። ሮቦት እጅ ስለሌለው ቁልፍ አይጫንም፤ ተራ አስከባሪው አሳንሰሩን ይጠራለታል፣ በሩ እስኪዘጋ ይጠብቀዋል፣ ሲወርድ ይለቀዋል።

ከሁሉ የገረመን፣ የዚህ ፕሮግራም ሠሪዎች ሮቦቶችን በጠባያቸው በአራት መክፈላቸው ነው። የመጀመሪያው «በዚህ ሂድ» ሲባል በዚያው የሚሄድ ነው። ሁለተኛው መንገዱን ራሱ ይመርጣል፤ «ቁም» እና «ቀጥል» ሲባል ግን ይሰማል። ሦስተኛው ትእዛዝ አይቀበልም፣ ያለበትን ቦታ ብቻ ይናገራል፤ ስለዚህ ሌሎቹ ናቸው የሚሸሹለት። አራተኛው ጭራሽ አይናገርም፣ አይሰማምም። ይህን ስታነቡ የምታውቁት ቤተሰብ ትዝ ካላችሁ እኛ የለንበትም።

ጀርመኖችም ዝም አላሉም። የመኪና አምራቾች ማኅበራቸው በ2019 ቪዲኤ 5050 የተባለ የጋራ ቋንቋ አወጣ፤ የፋብሪካ ጭነት ተሸካሚ ሮቦቶች የማንም ሥሪት ቢሆኑ ከአንድ ማዕከል ትእዛዝ እንዲቀበሉበት ነው። በአሜሪካም በ2021 ተመሳሳይ ነገር ወጥቷል።

ታዲያ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው የት ገባ? በጋራ ቋንቋ መነጋገር አንድ ነገር ነው፤ ወደፊት የሚሆነውን መገመት ሌላ ነው። አማዞን በ2012 ኪቫ የተባለውን የመጋዘን ሮቦት አምራች በ775 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2025 ደግሞ አንድ ሚሊዮንኛ ሮቦቱን ሥራ እንዳስገባ አስታወቀ፤ አብሮም ዲፕፍሊት የተባለ የአስተውሎት ፕሮግራም አስተዋወቀ። ፕሮግራሙ የሮቦቶቹን የቀድሞ እንቅስቃሴ ተምሮ መጨናነቅ የት ሊፈጠር እንደሚችል ቀድሞ ይገምታል። የቆየ ታክሲ ሾፌር ሰኞ ጠዋት የትኛው መንገድ እንደሚዘጋ ሳይነግሩት እንደሚያውቅ ዓይነት ነው። ኩባንያው እንደሚለው የሮቦቶቹን የጉዞ ቅልጥፍና በ10 በመቶ አሻሽሏል። ነገር ግን ልብ በሉ፣ የአማዞን ሮቦቶች ዓይነታቸው ቢለያይም ጌታቸው አንድ ነው። ጌታቸው ለተለያየ ሮቦቶች፣ በእኛ አስተያየት፣ ከአስተውሎቱ በፊት ስምምነቱ ይቀድማል። ቋንቋ ያልተስማሙ ብልሆች የሚሆኑትን በሳሎኑ ሊጥ አይተናል።

ደግሞም ይህ ሁሉ ተደርጎ ሮቦት መቆሙ አይቀርም። ኮሪደር ላይ አልጋ ተረስቶ ይሆናል፣ በሩ በወንበር ተደግፎ ይሆናል፣ ወለሉ ላይ ገመድ ተጥሎ ይሆናል። ያን ጊዜ ማሽኑ ቆሞ ሰው ይጠራል። የሚመጣውም ሰው ብዙ ጊዜ ጽዳት ላይ የነበረው ሠራተኛ ነው።

አሁን ወደ ቤት እንመለስ። አይሮቦት የተባለው ኩባንያ በ2019 ሩምባ የተባለው ጠራጊው ሥራውን ሲጨርስ ብራቫ ለተባለው ወልዋዩ እንዲነግረውና ወልዋዩ ተከትሎ እንዲወጣ አደረገ። የእኅታችን ማዳም የፈለገችው ይህንኑ ነበር፤ ግን ሁለቱም የዚያው የአንድ ኩባንያ ልጆች መሆን አለባቸው። የተለያዩ ኩባንያዎችን ዕቃ ለማነጋገር አፕል፣ ጉግል፣ አማዞንና ሳምሰንግ ያሉበት ማኅበር በ2022 ማተር የተባለ የቤት ዕቃዎች የጋራ ቋንቋ አወጣ፤ ጠራጊ ሮቦቶች የተጨመሩበት በ2023 ጥቅምት ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ የማተር ምልክት ያለበት አዲስ ማሽን ከሌሎች ጋር በአንድ አፕ ሊታዘዝ ይችላል። የቆዩት ግን ለየብቻ ሰዓት እየተሞላላቸው ይኖራሉ። ብዙዎቹ አዳዲሶች መጥረግንም መወልወልንም በአንድ ሰውነት ይዘው ስለሚመጡ ችግሩ በዚያ በኩል እየቀለለ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው። አንዳንዶቹ ማሽኖች ካሜራ አላቸው። በ2022 ታኅሣሥ ላይ ኤምአይቲ ቴክኖሎጂ ሪቪው የተባለ የአሜሪካ መጽሔት እንደዘገበው፣ በ2020 ለሙከራ ቤት ውስጥ በገቡ የአይሮቦት ማሽኖች የተነሡ ፎቶግራፎች በኢንተርኔት ወጥተዋል። ከእነርሱም አንዱ ሽንት ቤት የተቀመጠች ሴት ፎቶ ነበር። ፎቶዎቹን ያወጡት ምስሎቹን ለአስተውሎቱ ማስተማሪያ እንዲያዘጋጁ በቬኔዝዌላ የተቀጠሩ ሠራተኞች ናቸው። ኩባንያው ማሽኖቹ ለገበያ የወጡ ሳይሆኑ የሙከራ እንደሆኑ፣ ሰዎቹም ፈርመው እንደተስማሙ ገልጿል። ይሁን። እንዲህ ያለ ነገር እኛ በምንሠራበት ቤት ቢመጣ ግን የሚፈርመው ባለቤቱ ነው፤ ሠራተኛዋን ማን ይጠይቃታል? በ2024 ደግሞ በአሜሪካ የተለያዩ ከተሞች የኤኮቫክስ ጠራጊዎች በማይታወቁ ሰዎች ተጠልፈው በቤቱ ውስጥ እየዞሩ የዘር ስድብ ሲሳደቡ ተሰምተዋል።

ስለዚህ በቤታችሁ ያለውን ማሽን እዩት። ከላይ እንደ ትንሽ ቆብ ያለችው ክብ ነገር በአብዛኛው የሌዘር መለኪያ ናት፤ እርሷ ፎቶ አታነሣም። ከፊት ለፊቱ እንደ ሞባይል ካሜራ ያለ ብርጭቆ ካለ ግን ካሜራ ሊሆን ይችላል። «ማዳም፣ ፊ ካሜራ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ብዙዎቻችን ሳሎን ወይም ወጥ ቤት አጠገብ እንተኛለን። በአብዛኞቹ አፖች ላይ ማሽኑ እንዳይገባ የሚከለክል መስመር በካርታው ላይ ማስመር ይቻላል፤ የምትተኙበትንና ልብስ የምትቀይሩበትን ቦታ እንድታሰምርላችሁ ማዳምን በትሕትና ጠይቁ። ሳትናገሩ ማሽኑን መሸፈን ወይም ሶኬቱን መንቀል ግን አንመክርም፤ ነገ «አበላሸሽው» የሚል ክስ ያመጣል። ክስ ከመጣም ማሽኑ የት እንደደረሰ፣ በስንት ሰዓት እንደቆመ አፑ ውስጥ ተመዝግቦ ስለሚገኝ፣ «እስቲ አብረን እንየው» በሉ። በወልዋዩ ውኃ መያዣ ውስጥም ክሎሮክስ አትጨምሩ፤ ማሽኑን ይጎዳል፣ አምራቾቹም ይከለክላሉ። ከመነሣቱ በፊት ገመድና ነጠላ ጫማ አንሡ፣ የምንጣፉን ዘርፍ ወደ ውስጥ እጠፉት። ቤቱ ውስጥ ውሻ ካለ ደግሞ ቀድማችሁ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ከ2021 ጀምሮ የውሻ ዓይነ ምድር ለይቶ የሚያልፍ ማሽን ለገበያ ቢወጣም፣ የቆየው ማሽን ያገኘውን በሙሉ ሳሎኑን ይቀባዋል። የደረሰባት ታውቀዋለች።

«እንጀራዬን ይወስድብኛል ወይ?» ለምትሉ፣ የምናየውን እንናገር። እነዚህ ማሽኖች ደረጃ ሲደርሱ ይመለሳሉ፣ ሕፃን አያባብሉም፣ አባያ አይተኩሱም፣ የታመሙ አሮጊትን ከአልጋ አያነሡም። የምንፈራው ሌላ ነው። ወለሉን ማሽን ሲይዘው «እንግዲያው መጋረጃውን እጠቢ» መባሉ አይቀርም፤ የሥራው ቀን ግን አያጥርም። ማሽን ኖረም አልኖረም፣ በኳታር የ2017ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ የቀን ሥራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል፤ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ የ2022ቱ ሕግ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከዚያም ውስጥ 8ቱ ሳይቋረጥ፣ ዕረፍት ይሰጣል። ሊባኖስ ያላችሁ የአገሩ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን ስለማይጨምር፣ በእጃችሁ ያለው ኮንትራቱ ነውና የተጻፈውን አንብቡ፣ አስነብቡ።

ያቺ እኅታችን ባለፈው እሑድ ተመልሳ መጥታ ነበር። የአፑን መዝገብ ከማዳም ጋር አብረው አይተው ወልዋዩ ቀድሞ የወጣው ሰዓቱ ተሳስቶ ስለተሞላ እንደሆነ አገኙ፤ የሞላችውም ማዳም ራሷ ነበረች። ይቅርታ አላለችም። ነገር ግን ሞባይሏን ሰጥታ «አንቺው አስተካክዪው» አለቻት። እርሷም ጠራጊውን በእኛ አቆጣጠር ለሦስት ሰዓት፣ ወልዋዩን ለአራት ሰዓት ተኩል ሞላችው፤ የምትተኛበትንም ጥግ በዚያው አስመረችው። የመስኮቱን ማሽን እንኳ እንዳይወድቅ ገመዱን ይዛ የምትቆመው አሁንም እርሷ ናት።